ያላየ ሰው እንዴት ያማትባል?

ዛምፊራ ታያለች ተብሎ የተፈረደባት በማማተቧ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጨለማ ውስጥ የኖረችውን ሴት፣ ስሙን ያልጻፈ አንድ «ተቆርቋሪ ዜጋ» በአንድ ገጽ ደብዳቤ ዓይኗን አበራላት። «ከላይ ስሟ የተጠቀሰው ግለሰብ» ይላል ደብዳቤው፣ «በ11 ቁጥር አውቶቡስ ስትሄድ ቅዱስ ስፒሪዶን ቤተክርስቲያን ፊት ስትደርስ፣ ማንም ሳይነግራት ሦስት ጊዜ ታማትባለች። ያላየ ሰው እንዴት ያማትባል?» የአካል ጉዳት ኮሚሲዮኑም ጥያቄው መልስ የሌለው መስሎት ይሁን ወይ ለምሳ ቸኩሎ፣ ብቻ ደረጃዋን ከ«ከባድ» ወደ «መካከለኛ» አወረደው። ጌታ እንኳ ዕውሩን ሲያበራ ጭቃ ለውሷል። ለእነዚህ ማኅተም በቃቸው።

«ከባድ» እና «መካከለኛ» ወረቀት ላይ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ቤት ሲገቡ ግን ሰው ከሰው ይለያሉ። «ከባድ» ማለት ልጇ ሊቪዩ ከማዘጋጃ ቤቱ ደመወዝ ተቆርጦለት የእናቱ የግል ረዳት ሆኖ አብሯት ይኖራል ማለት ነው፤ ገበያ ይወስዳታል፣ የዓይን ጠብታዋን በሰዓቱ ያደርግላታል፣ ደብዳቤ ያነብላታል። «መካከለኛ» ማለት ደግሞ ረዳት የለም፣ ነጻ የአውቶቡስ ጉዞም የለም፣ እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርሽ ማለት ነው። ሊቪዩ ከመርከብ ማምረቻው ከተቀነሰ ወዲህ በብራይላ ከተማ የብየዳ ሥራ ያልጠየቀበት በር የለም። አሁን በአርባ ሁለት ዓመቱ ጀርመን አገር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሊደረድር፣ እሑድ ጠዋት በሚነሳ ሚኒባስ ላይ ወንበር ይዟል። ለእናቱ «ገና አልቆረጥኩም» ብሏታል። ሻንጣውንም አልጋው ሥር ደብቆታል፤ እሷ ግን ዚፑን ሰምታዋለች። ይግባኙ የሚሰማው ዛሬ፣ ሐሙስ ነው።

ጠዋት ሊቪዩ ጥቁሩን ጉርድና ነጩን ሸሚዝ አልጋዋ ላይ ዘረጋላት። «ዛሬስ ትንሽ ተዝረክርከሽ ብትሄጂ ነበር የሚሻለው» አላት፣ «እንዲያዝኑልሽ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት በልብስ ፋብሪካ የሸሚዝ ቁልፍ የተከልኩ ሴት ነኝ። ዛሬ ቁልፌን አዛንፌ ልሂድ?» አለችው።

ድሮ ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ዝም አለና ዶሴውን ፍለጋ ወደ ሳሎን ሄደ። ያ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ በዝቷል። ጠብ የለም፣ ክፉ ቃል የለም፤ ሾርባው ይቀርባል፣ ሬዲዮው ይከፈታል፣ «ጨው ይጨመር?» «አይ፣ ይበቃል» ይባባላሉ። ነገር ግን ልጇ ሲያያት ይሰማታል። ሰው ሲያይህ እንዴት ይሰማል አትበሉ፤ ሥራውን አቁሞ፣ ማንኪያውን ይዞ፣ ድምፁን ሁሉ ሰብስቦ ነው የሚያይህ።

ከሁሉ የከፋው የበርጩማው ቀን ነው። ደብዳቤው በመጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዛምፊራ ለሻይ ውኃ ልትጥድ ከመኝታ ቤቷ ወደ ማድ ቤት ገባች። አምስት እርምጃ ነው፤ ያን አምስት እርምጃ እጇን ሳትዘረጋ ነው የምትሄደው፤ በርጩማው ከምድጃው አጠገብ ግድግዳውን ተጠግቶ ለዓመታት ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ቅልጥሟን አገኘው። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ሊቪዩ በሩ ላይ ነበር፤ የትምባሆው ሽታ ነገራት። «ውይ! ይቅርታ እማዬ፣ ረስቼው ነው» አላት፣ ትንሽ ዘግይቶ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ የጫማ ጥንድ መንገድ ላይ ረስቶ የማያውቅ ልጅ! «ምንም አልሆንኩም» አለችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ሊቪዩም ከዚያ በኋላ ልቡ አላረፈለትም፤ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ማስረጃ አያስወጣውም፤ «አውቃ መታችው ይሆን?» ያሰኛል። ቅልጥሟ በሳምንቱ ዳነ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቷ ውስጥ ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ነው የምትሄደው።

ፌርማታው ላይ ብርድ ነበር። ሊቪዩ ለሁለት ሰው ትኬት ቆረጠ። መጠለያው መስታወት ላይ የሆነ ወረቀት በነፋሱ እየተንጣጣ ነበር፤ ዛምፊራ ሰማችው፣ ሊቪዩ አላነበበውም። በእኛ ከተማ ፌርማታ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ወይ የሙት ዓመት ነው ወይ የጠፋ ድመት፣ ማን ያነበዋል? 11 ቁጥር መጣ፣ ወጡ፣ አንዲት ሴት ዳሌዋን ሰብስባ ለዛምፊራ ቦታ ለቀቀችላት። ሴትዮዋ የሚንት ከረሜላ ትሸታለች፤ በቀኝ እጇ ላይ ቢያንስ ሦስት ቀጫጭን አምባር አለ፤ ስልኳን በጣቷ በነካች ቁጥር ይንሿሿሉ። ሊቪዩ አጠገባቸው ብረቱን ይዞ ቆመ።

«እጅሽን አደራ» አላት ዝቅ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለችው።

ይህ ከደብዳቤው በኋላ የወጣ የቤት ሕግ ነው። ዛምፊራ አውቶቡስ ውስጥ አታማትብም። አራት ወር ሙሉ ቅዱስ ስፒሪዶን ፊት ስትደርስ እጆቿን ቦርሳዋ ሥር ቀብራ በልቧ ብቻ «ማረኝ» ትላለች። ቤተክርስቲያኑ የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ዓይን አይጠይቅም። አውቶቡሱ የባቡር ሐዲዱን ሲሻገር ሁለት ጊዜ ይንገጫገጫል፣ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ የዳቦ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ያዘግማል። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ ሕዝቡ ራሱ አለ፤ የክረምት ካፖርት የለበሰ ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ እጁን ሲያነሳ የእጅጌው መፋተግ ደንቆሮ ይቀሰቅሳል። ደብዳቤ ጸሐፊው ይህን ሁሉ አያውቅም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሉ የለ? ማን እንደጻፈውም ዛምፊራ ማወቅ አትፈልግም። ነገም ደረጃ ላይ «እንደምን አደሩ» የምትለው ሰው ሊሆን ይችላላ።

አውቶቡሱ ሐዲዱን ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ተሻገረ። ዛምፊራ በልቧ ኮሚሲዮኑ ፊት የምትለውን ታጠናለች። ወደ ግራ ታጠፈ። «ከባድ ካልተባልኩ እሑድ ይሄዳል» ስትል አሰበች፤ «ሄዶም በጥርጣሬው እንደታመመ ይኖራል።» የዳቦ ሽታ መጣ። አውቶቡሱ አዘገመ፣ ቆመ። ስፒሪዶንን ዛሬ ካልለመንኩት መቼ ልለምነው ነው? እጇ ከቦርሳው ሥር ራሱ ወጣ። አማተበች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ በአራት ወር ያጠራቀመችውን ሁሉ፣ ግንባሯን ደረቷን እስኪያማት። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ አምባር ሦስት ጊዜ ተንሿሿ። ከኋላም ሁለት እጅጌ ተፋተገና የአንዲት አሮጊት ድምፅ «ጌታ ሆይ ማረን» አለ።

«እማዬ! እጅሽ!» አለ ሊቪዩ ጥርሱን ነክሶ። ቀጥሎ ግን የጠበቀችው ቁጣ አልመጣም። ያን ጊዜ ነው ዛምፊራም አንድ ነገር የጎደለ መሆኑን ያወቀችው፤ ሃምሳው እጅጌ አልተሰማም። ሦስት ሰው ብቻ ነበር።

«እማዬ» አላት ልጇ፣ ድምፁ እንግዳ ሆኖ። «ይሄ እኮ ቤተክርስቲያን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ቤቲንግ ቤት ነው። ዳቦ ቤቱን እንዳለፍን መንገድ ቀይረው ነው የመጡት፣ መብራት ይዞን ነው የቆምነው። ቤቲንግ ቤት ፊት ነው ያማተብሽው!»

ከኋላ መቀመጫ አንድ ሽማግሌ ሳቁን ለቀቀው። «ቧንቧ ፈንድቶ የስፒሪዶን መንገድ ከሌሊት ጀምሮ ተዘግቷል፣ ፌርማታው ሁሉ ላይ ለጥፈዋል!» አለ። «እናንተ ሴቶች፣ ማን እንደሚያሸንፍ ተገልጦላችሁ ከሆነ ለኔም ንገሩኝ! ቅዳሜ ልቆርጥ ነው!» አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። «እኔ እሷን አይቼ ነው!» አለች አሮጊቷ። ባለ አምባሯ ሴትዮ ግን አልሳቀችም። ብድግ ብላ ወደ ፊተኛው በር ሄደች፤ አምባሯን በሌላው እጇ አፍና እንደያዘችው ዛምፊራ አወቀች፣ ድምፁ ጠፍቷልና።

የሊቪዩ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከባድ የበያጅ እጅ ነው፤ ከደብዳቤው ወዲህ እንዲህ ነክቷት አያውቅም። እስኪወርዱ ድረስ አላነሳውም። ይስቅ ይሆን ያልቅስ መለየት አቃታት። ምናልባት እሱም አልለየውም።

የአካል ጉዳት ኮሚሲዮኑ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱም ተበላሽቷል። በዚህ ማንም ሲገረም አይሰማም። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሁሉ ተይዟል፤ አንድ ሰው ተነስቶ ለዛምፊራ ቦታ ሰጣትና ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በአንድ እግሩ ቆመ። «አይ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ» አለው ሊቪዩ አፍሮ። «ግድ የለም» አለ ሰውየው፣ «በየሁለት ዓመቱ ይጠሩኛል። እግሬ በቅሎ እንደሆነ ሊያዩ።» «በቀለ ታዲያ?» አለች ዛምፊራ። «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ተስፋ አለ» አላት። ኮሪደሩ ሳቀ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ዶሴው ተመለሰ። ዛምፊራ የራሷን ዶሴ ጭኗ ላይ አድርጋ ዳሩን በጣቷ ታሻለች። ሊቪዩ አንድ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋው። የሚለው ነገር አለው፤ እሷም አልረዳችውም። አንዳንድ ነገር ራሱ ብስሎ ሲወድቅ ነው ደስ የሚለው።

ስሟ ሲጠራ ገቡ። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ማሞቂያው ይንጫጫል፤ በግራ በኩል አንዲት ጸሐፊ ኮምፒውተር ትመታለች፤ በቀኝ በኩል አንድ ወጣት ሐኪም ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከመሐል «ይቀመጡ ወይዘሮ ዛምፊራ» የሚል ደረቅ የሴት ድምፅ መጣ። ሰብሳቢዋ ናት። ገጽ ገለበጠች። አምባር ተንሿሿ።

ሚንት።

የሊቪዩ ጣቶች ትከሻዋን ጨመቁት፤ እሱም አይቷታል። ትንፋሹን ሲስብ ሰማች፤ አሁን ሊናገር ነው፣ አሁን «እርስዎም እኮ ጠዋት!» ሊል ነው። ዛምፊራ እጁን በእጇ ሸፍና ጫን አለችው። ክር አብዝተው ሲጎትቱት እንደሚበጠስ ሠላሳ አንድ ዓመት ተምራዋለች። ሰውን በገዛ ወንበሩ ላይ አዋርዶ የተገኘ ማኅተም ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ ይሻራል።

ሰብሳቢዋ ደብዳቤውን አነበበች። «...ማንም ሳይነግራት ሦስት ጊዜ ታማትባለች።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ሻከረ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በዓይኗ ብቻ ጨረሰቻት መሰለኝ። «ለዚህ የሚሉት አለ?» አለች።

ዛምፊራ ስታጠና ያደረችውን ሁሉ ረሳችው። «አማትባለሁ ዶክተር» አለች። «አልክድም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በዚያ መንገድ ስሄድ አማትባለሁ። ግን አይቼ አይደለም። አጠገቤ ያለው ሰው ሲያማትብ እጅጌው ይሰማኛል፣ እከተለዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እኔ እቀድማለሁ፤ ያን ጊዜ ሰው እኔን ይከተላል። ዓይን ያለውም ቢሆን እኮ ዶክተር፣ ቀና ብሎ አይቶ የሚያማትብ ጥቂት ነው። እምነት ነው፤ ማን ያረጋግጣል?»

ማሞቂያው ተንጫጫ። ጸሐፊዋ መምታቷን አቆመች። ዛምፊራ ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ የቀረው የሰብሳቢዋ ነው። ሰብሳቢዋ ከረሜላዋን ከጉንጯ ወደ ጉንጯ አዛወረች።

«ዛሬ ጠዋት በ11 ቁጥር ነው የመጡት» አለች በመጨረሻ። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ ዶክተር።»

«እኔም በ11 ቁጥር ነው የመጣሁት።» «ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር።»

ወጣቱ ሐኪም «ምን ሆኑ?» አላት።

«ቤቲንግ ቤት ፊት ሦስት ጊዜ አማተብኩ» አለች ሰብሳቢዋ፣ ሞት እንደሚያረዳ ሰው ድምፅዋን አስተካክላ። ወጣቱ ሐኪም ሳቁን በወረቀት አፈነ፤ ጸሐፊዋ ግን አልቻለችም፣ አመለጣት። ሰብሳቢዋ እስኪበርድላቸው ጠበቀች። ከዚያ «ጻፊ» አለቻት። «ማማተብ የማየት ማስረጃ አይሆንም።»

«መሠረቱ ምን ይባል ዶክተር?»

«ኮሚሲዮኑ በአካል ተገኝቶ አረጋግጧል በይ።»

አሁን ሊቪዩም ሳቀ፤ ያ የድሮ ሳቁ፣ ከሆዱ የሚመጣው። ሰብሳቢዋ ግን ሥራዋን ቀጥላ ነበር። ዶሴውን ስታገላብጥ አንድ ፖስታ ላይ ደረሰች። «ይሄ ምንድነው?» «የዓይን ነርቭ ምርመራዋ ነው፣ በማሽን የተነሳው» አለ ሊቪዩ ቶሎ ብሎ። «በመጀመሪያው ቀን ነው ያስገባነው።» «ታሽጓል እኮ» አለች ሰብሳቢዋ። ፖስታው ሲቀደድ ዛምፊራ ሰማችው፤ አራት ወር ዕድሜዋን ይዞ የተቀመጠው ያ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ራስ ለራስ ገጥመው ጥቂት ተንሾካሾኩ። ወጣቱ መጥቶ መብራት በዓይኗ ላይ አወዛወዘ፣ ትንፋሹ ቡና ቡና ይላል፤ «የሞተ ነርቭ በደብዳቤ አይነሳም» አለ ሲመለስ።

«ከባድ ደረጃ፣ ከግል ረዳት ጋር» አለች ሰብሳቢዋ ለጸሐፊዋ። «ቋሚ። ዳግም ምርመራ አያስፈልግም። ያለፉት አራት ወራት ይስተካከሉ።» ከዚያ ወደ ዛምፊራ ዞረች፣ አምባሩ ተንሿሿ። «ወረቀቱ በሦስት ሳምንት በፖስታ ይደርስዎታል። ቃሉ ግን ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። ይሂዱ፣ ደህና ይግቡ።» ዛምፊራ ብድግ ብላ የምታመሰግንበትን ቃል ስትፈልግ፣ ሰብሳቢዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስለኔም ይጸልዩልኝ» አለቻት። «ቦታው የት እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ ነው ያማተብኩት።»

«ስፒሪዶን አድራሻ አይጠይቅም ዶክተር» አለቻት ዛምፊራ።

ደረጃውን ወርደው እውጭ ሲደርሱ ዛምፊራ ግድግዳ ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች፤ እፎይ የሚባለው ነገር እግር ድረስ እንደሚወርድ ረስታው ነበር። ሊቪዩ ከመስኮት ከሚሸጠው ሱቅ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ሁለት ገዛ፤ አንዱን እጇ ላይ አስቀመጠላት፣ ገና ትኩስ ነው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ሄሎ? የእሑዱን ወንበሬን ለሌላ ሰው ስጠው» አለ። «አይ፣ አልታመምኩም። ሥራ አግኝቼ ነው። ድሮም የነበረችኝን።» ዛምፊራ ዳቦዋን ገመጠች። ቀስ ብላ አላመጠችው።

ሲመለሱም አውቶቡሱ በዚያው በተቀየረው መንገድ ሄደ። መብራቱ ጋ ሲቆም ዛምፊራ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ጉልላቱ በግራሽ በኩል ከሕንጻዎቹ ጀርባ ብቅ ብሏል» አላት ሊቪዩ። «አሁን ነው።» አማተበች። ከጎኗ የልጇ ጃኬት እጅጌ ሲፋተግ ሰማች፤ ከልጅነቱ ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

ቤት ሲገቡ ራዲያተሩ ሞቆ ነበር። ካፖርቷን ሰቀለችና ሻይ ልትጥድ ወደ ማድ ቤት ዞረች፣ እንደ ልማዷ ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ። ሊቪዩ በሩ ላይ ቆመ።

«እማዬ» አለ። «ያን ቀን በርጩማውን...»

«ረስተኸው ነው።»

«አልረሳሁትም።»

«አውቃለሁ» አለች ዛምፊራ። «ያን ቀን ስትተነፍስ አልሰማሁህም። ሰው ሲረሳ ይተነፍሳል።»

ሊቪዩ አፍንጫውን በእጅጌው ሲጠርግ ተሰማት፤ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ መሐረብ ይዞ አያውቅም። ሊታዘን የሚገባው ለእሷ ሆኖ ሳለ፣ አንጀቷን የበላት እሱ ነው። አራት ወር ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ ኖሯል። እሷስ ጨለማውን ለምዳዋለች።

«አሁን ቦታው ነው?» አለችው።

«ቦታው ነው እማዬ።»

ዛምፊራ እጆቿን ወደ ታች ለቀቀቻቸው። አምስቱን እርምጃ ሄደች፣ ውኃውን ጣደች፣ ዞረችና፣ ሳትዳስስ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።